ውጭ ያሉት ስለ ምንዛሬ ሲከራከሩ ቤት ያለው ምን ይቆጥራል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ ዳር የደረሰን የአንዲት እህታችን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ስለ ብድር ይጀምርና ስለ እንግሊዝ አገር ሕዝበ ውሳኔ፣ ስለ ብር ምንዛሬ፣ ስለ ገበያ ውሎ እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ስናነበው የተዘበራረቀ መስሎን ነበር። ደግመን ስናነበው ግን እህታችን አንድም ነገር ያለ ቦታው አላስገባችም፤ ጉዳዩ ራሱ እንዲያ የተያያዘ ነው። ስሟንና ሰፈሯን እንዳንጠቅስ ጠይቃናለች፤ አማናዋን እንጠብቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም፣ በረመዳን ወር፣ ለንደን የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ በሐይቁ ዳር ትንሽ የአሣ ምግብ ቤት እንድትከፍት 1,000 ፓውንድ ሊያበድራት ቃል ገባ። ሐሙስ ሰኔ 16 ቀን ደውሎ፣ "ወደ 32 ሺህ ብር ይሆንልሻል፤ ሰኞ እልክልሻለሁ" አላት። ሰኞ ላከ። እጇ የገባው ግን 29 ሺህ ብር ግድም ነበር። እሷ መጀመሪያ የጠረጠረችው ባንክ ቤቱን ነው። ወንድሟም ሲነግራት ከልቧ አልገባትም ነበር፤ እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት መውጣታቸው የባሕር ዳርን የአሣ መጥበሻ ምን አገባው?

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ2017 ዓ.ም የዒደል አድሓ ዕለት የእናታቸው ልጆች ሁሉ በአንድ የስልክ መስመር ተገናኙ፤ የለንደኑ፣ ጅዳ የሚሠራው ታናሽ ወንድም፣ ዋሽንግተን ያለው የአጎት ልጅ። ከሰላምታው በኋላ የብድሩ ነገር ተነሣ። እህታችን፣ "ጋሼ፣ የተቀበልኩት 29 ሺህ ብር ነው፤ አዘጋጅቼዋለሁ" አለች። እሱም፣ "የላክሁት 1,000 ፓውንድ ነው" አለ። በዚያን ዕለት 29 ሺህ ብር ወደ ፓውንድ ቢመለስ 170 ፓውንድ ግድም ነው። 1,000 ፓውንድ ደግሞ ወደ ብር ቢመለስ ከ170 ሺህ ብር በላይ ነው። የጅዳው ከእህቱ ጋር ቆመ፤ የዋሽንግተኑ ከለንደኑ ጋር። ከዚያ ብድሩ ተረሳና ክርክሩ መንግሥት ብርን ለገበያ መልቀቁ ልክ ነው አይደለም ወደሚለው ዞረ፤ ከዚያም እንግሊዝ ከኅብረቱ መውጣቷ ጠቀማት ጎዳት ወደሚለው። እናታቸው ስልኩን ዘግተው ወደ ማጀት ገቡ። "እስከ ዛሬ ተኮራርፈናል" ትላለች እህታችን፤ "ማን ልክ ነው?"

ለመመለስ ከለንደኑ ሌሊት መጀመር አለብን።

እንግሊዞች ብሬግዚት ብለው በሚጠሩት ጉዳይ ድምፅ የሰጡት እ.ኤ.አ ሰኔ 23 ቀን 2016 ነው፤ ረመዳን 18 ቀን 1437 ዓመተ ሒጅራ መሆኑ ነው። 51.9 በመቶው ይውጣ አለ፤ 48.1 በመቶው ይቆይ አለ። ድምፅ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፓውንድ ወደ 1.50 ዶላር ይመነዘር ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ 1.32 ዶላር አካባቢ ወረደ፤ ከ1985 እ.ኤ.አ ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ምንም ፋብሪካ አልተዘጋም፣ ምንም መርከብ አልቆመም። አገሪቱ ከኅብረቱ የወጣችው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጥር 31 ቀን 2020 ነው። ታዲያ ገንዘቡ ምን አስቸኮለው? ገንዘብ የሚነግዱ ሰዎች የሚመለከቱት የነገውን ነው። እንግሊዝ ነገ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትነግደው ይቀንሳል፣ ወደ እርሷ የሚገባው መዋዕለ ንዋይ ይቀንሳል ብለው ስላሰቡ ፓውንዳቸውን በዚያው ሌሊት ሸጡ። ሻጭ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል፤ በቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሲበዛ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ያ ሳምንት የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት የሚገቡበት ነበር። እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ዘካቸውን፣ ሰደቃቸውን፣ የዒዱን ልብስና የበጉን ዋጋ የሚልኩበት ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ላይ ወደ 300 ብር ጎደለ። ያን ጊዜ 300 ብር ቀላል አልነበረም። ላኪው ግን ያው 100 ፓውንዱን ከኪሱ አውጥቷል፤ ለእርሱ የጎደለ ነገር አልታየውም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የወንድምና የእህቷ ክርክር ፍሬ ከዚህ የሚጀምር ነውና።

የዚህ ተገላቢጦሽ የደረሰባቸው ሰዎችም አሉ። በስፔን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ብዙ የእንግሊዝ ጡረተኞች ጡረታቸው የሚመጣላቸው ከአገራቸው በፓውንድ ነው፤ ዳቦና ዘይት የሚገዙት ግን በዩሮ ነው። ከድምፁ በፊት አንድ ፓውንድ 1.30 ዩሮ ግድም ያመጣላቸው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በነሐሴ ወር ወደ 1.10 ወርዷል። እነርሱም እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ከረሙ፤ ከመካከላቸው ይውጣ ያለ ነበር፣ ይቆይ ያለም ነበር። ከአገራቸው ከወጡ 15 ዓመት ያለፋቸው ግን ጭራሽ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። የኛ ወንድምም እንዲሁ ነበር። ድምፅ መስጠት የቻሉት የእንግሊዝና የአየርላንድ ዜጎች፣ እዚያው የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችም ናቸው። ስለዚህ የእንግሊዝ ዜግነት ያልወሰደው ኢትዮጵያዊ ዝም ሲል ጎረቤቱ ኬንያዊ ሰልፍ ይዞ ድምፁን ሰጥቷል። ውሳኔው ግን በሁለቱም ኪስ እኩል ገባ።

በክርክሩ ማን ልክ ነበር? ሐቁን ለመናገር ሁለቱም ወገን አጋንኗል። ይውጣ ያሉት በቀይ አውቶቡስ ላይ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን የሚል ጽሑፍ አዙረው ነበር፤ የራሳቸው አገር የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ቁጥሩ አሳሳች ነው አለ። ይቆይ ያሉት ደግሞ፣ ገንዘብ ሚኒስቴሩ ጭምር፣ ድምፁ እንደተሰጠ ኢኮኖሚው ወዲያው ያሽቆለቁላል ብለው አስፈራሩ፤ ያም በዚያ ዓመት አልሆነም። ጉዳቱ የመጣው እግሩን እየጎተተ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በረከሰ ፓውንድ ሲገዛ ዋጋው ጨመረ፤ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ የዋጋ ንረታቸው 3.1 በመቶ ደረሰ። የመንግሥቱን በጀት የሚገመግመው ነጻ መሥሪያ ቤት ከኅብረቱ መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ዝቅ ያደርገዋል ብሎ ይገምታል። 4 በመቶ በአንድ ሌሊት የሚታይ ነገር አይደለም። ሰው ቤቱ እየጠበበ መሆኑን የሚያውቀው ልጆቹ ሲያድጉ ነው፤ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የለንደኑ ወንድም ፓውንድ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ ያውቀዋል። የጅዳው አያውቀውም። የሳውዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ተብሎ ከዶላር ጋር የታሠረ ነው። ስለዚህ ጅዳ፣ ሪያድ፣ መዲና የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን የሚልኩት ገንዘብ በብር ሲጨምር ካዩ የጨመረው ሪያሉ አይደለም፤ የወረደው ብሩ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል "ገንዘቤ በረከተ" የሚሉ አሉ፤ በረካ የአላህ ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው።

ብር እንዲሁ በአንድ ቀን አልወረደም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ዘመን ሁሉ አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ ብዙ አባቶቻችን ያንን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ 5 ብር ተደረገ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም መጨረሻ 16 ብር አለፈ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም በ15 በመቶ ዝቅ ሲደረግ ዶላር 27 ብር ተጠጋ። እነዚህ ሁሉ ብሔራዊ ባንክ እየቆረጠ የወሰናቸው ናቸው። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የሆነው ግን የተለየ ነው፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር እየተደራደሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዝሩ ተፈቀደ። ከዋዜማው 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ በነሐሴ ወር 100 ብር አለፈ፣ በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ከ130 ብር በላይ ነበር። በዚያው ሰኞ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚከፈል 3.4 ቢሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ አጸደቀ፤ በማግሥቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ። ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን በዚህ ላይ የተከራከሩት ክርክር እንግሊዞቹ ከተከራከሩት በምንም አያንስም። በመስጊድ ደጃፍ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በሠርግ ቤት ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ ወገን፣ "የባንኩ ዋጋ ድሮም ውሸት ነበር፤ ዕቃ አስመጪው የሚገዛው በጥቁር ገበያ ነው፤ የገበያው ዋጋም በዚያው ሒሳብ ተሰልቶ አልቋል፤ አሁን ምንም አይጨምርም" አለ። ሌላው፣ "ዋጋ በአንድ ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ ደሀው አለቀለት" አለ። ልክ እንደ እንግሊዞቹ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል።

የመጀመሪያው ወገን እውነት አለው። ከሐምሌው ውሳኔ በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ እጥፍ የሚጠጋ ነበር፤ ብዙ የሱቅ ዕቃም በዚያ ዋጋ ነበር የሚገባው። ነገር ግን በባንኩ ዋጋ የሚገቡ ነገሮችም ነበሩ፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። መንግሥት እነዚህን ለጊዜው እደጉማለሁ አለ፤ ድጎማ ደግሞ የሚዘገይ እንጂ የሚቀር ዋጋ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ያለፈው በ2017 ዓ.ም ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ የሚነዳ ወንድማችን የዚያን ወር ሒሳቡን ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ወገንም እውነት አለው፤ ነገር ግን ዋጋው በሳምንት እጥፍ አልሆነም። መንግሥት ባወጣው አኃዝ መሠረት በሐምሌው ወር ከ18 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በዓመቱ ወደ 14 በመቶ ግድም ወረደ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ "ንረቱ ቀንሷል ይላሉ፣ እኔ ግን ምንም ሲቀንስ አላየሁም" ይላል። ልክ ነው፣ አያይምም። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 118 ብር ከሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት በ14 በመቶ ሲጨምር 134 ብር ከምናምን ይሆናል። ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ዘንቢሉ ግን ከብዷል።

እንግዲህ የአንድ ውሳኔ ውጤት በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ለየቅል መሆኑን እናስተውል። ሦስት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ እናት ልጇ ከለንደን በየወሩ 100 ፓውንድ በባንክ ይልክላታል። ከውሳኔው በፊት 7,300 ብር ግድም ትቀበል ነበር፤ በዓመቱ ከ17 ሺህ ብር በላይ። ገበያው ጨምሯል፤ እጥፍ ግን አልጨመረም። እርሷ ተጠቅማለች። ሁለተኛዋ እናት ልጇ ያንኑ 100 ፓውንድ ድሮም የሚልክላት በጥቁር ገበያ ሰው ነበር። በባንኩ ዋጋ እጥፍ ያህል ስትቀበል ኖራለች። ለእርሷ ከውሳኔው በኋላ የመጣው ጭማሪ ጥቂት ነው፤ እሱንም ገበያው በልቶታል። ሦስተኛዋ ውጭ አገር ማንም የላትም። እንጀራ ትጋግራለች ወይም ደመወዟን ትጠብቃለች። የእርሷ ብር ቁጥሩ ብዙም ሳይጨምር የሚገዛው ነገር ቀነሰ። ለንደንና ዋሽንግተን ሆነው የሚከራከሩት ግን ሁሉም የየራሳቸውን እናት ነው የሚያስቡት። የመጀመሪያዋ ልጅ ውሳኔው ጥሩ ነው ይላል፣ የሁለተኛዋ ልጅ ምንም አልተለወጠም ይላል፤ የሦስተኛዋ ልጅ ውጭ ስለሌለ ክርክሩ ውስጥ የለችም።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለ እኛ የሚከራከሩት ክርክራቸውን ሲያፋፍሙ እኛ የምንሰማበት እንኳ አልነበረንም። መንገድ ሲዘጋ ጤፍም፣ ዘይትም፣ ጋዝም ይወደዳል፤ ይህን ሁሉ በምንዛሬው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ብር ሲወርድ ለውጭ ጎብኚ አገሩ ይረክሳል፣ ቱሪስት ይመጣል የሚል ተስፋ ነበር። ጣና ላይ ግን ጀልባው ቆሞ ጎብኚ በጠፋበት ጊዜ የምንዛሬው ጥቅም ለማን ይደርሳል? ወርቅና ቡና ላኪው ተጠቀመ፤ በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወጪ ንግድ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ አንክደውም። የሐይቁ ዳር ሰው ግን የሚሸጠው ቆሮሶና አምባዛ ለባሕር ዳር ነዋሪ ነው።

እህታችን በደብዳቤዋ ስለ አሣው የጻፈችው እኛንም አስተምሮናል። "አሣው ከውጭ አይመጣም፣ ለምን ይወደዳል ይሉኛል ደንበኞቼ" ትላለች። የደንገል ታንኳ ያለው አሣ አጥማጅ ለታንኳው ዶላር አያስፈልገውም፤ ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ነው የሚታጨደው። መረቡ ግን ከውጭ ነው። የሞተር ጀልባ ካለው ነዳጁና መለዋወጫው ከውጭ ነው። እሷ የምትጠብስበት የፓልም ዘይት ከእስያ ነው የሚመጣው። አብሮ የሚቀርበው የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ እንኳ የበቀለበት ማዳበሪያ በዶላር የተገዛ ነው። ቢታመም የሚውጠው ኪኒንም እንዲሁ። አጥማጁ ይህን ሁሉ በጨመረ ዋጋ እየገዛ አሣውን ብቻ በድሮው ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ያ 29 ሺህ ብር ምጣድ፣ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና የሁለት ወር ኪራይ ሆኖላት ነበር። በ2017 ዓ.ም በዚያው ገንዘብ ይህን ሁሉ ማሟላት እንደማይታሰብ ራሷ ጽፋለች። ልብ በሉ፤ ይህ ዐረፍተ ነገር ከእርሷ ክርክር ይልቅ የወንድሟን ክርክር ነው የሚደግፈው። እሷ ግን አልሸሸገችውም፤ አላህ ይጨምርላት።

ስለ ጥቁር ገበያው ጥቂት ሳንል አናልፍም፤ ብዙ ደብዳቤ ይደርሰናልና። ከውሳኔው በኋላ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ፈቃድ ከሌለው ሰው ዘንድ መመንዘር በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ውጭ ያለው ልጅ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ እዚህ ደግሞ ሌላ የማይታወቅ ሰው በብር ያስረክባል፤ ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። ገንዘቡ ሲቀር ወዴት ይከሰሳል? የኛ ዝግጅት ክፍል ባልደረባ የአንዱ ቤተሰብ የሦስት ወር አስቤዛ እንዲህ ቀርቷል። በሸሪዓችን የተለያዩ ገንዘቦች ሲለዋወጡ ልውውጡ እዚያው በዚያው፣ አንዱ ሌላውን ሳያሳድር መሆን እንዳለበት ዑለማዎች በሰፊው አስተምረዋል፤ "ዛሬ ስጠኝ፣ ከሳምንት በኋላ ብር እሰጣለሁ" የሚለው ደላላ ከዚህ ጋር የት ይገናኛል? ልዩነቱ የሚያጓጓ መሆኑን እናውቃለን። ጓጉተውም የከሠሩትን እናውቃለን። ከሐምሌ 2016 በኋላ ከወጣው መመሪያ አንዱ ደግሞ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ሰው በባንክ በውጭ ገንዘብ ሒሳብ መክፈት እንዲችል የሚፈቅድ ነው። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፤ በአካባቢያችሁ ያለውን ባንክ ዝርዝሩን ጠይቁ።

አሁን ወደ ብድሩ እንመለስ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ጥያቄውን ለዑለማዎች አቅርበን የተረዳነውን ነው የምናካፍለው። በኢስላም ብድር በዓይነቱ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ በአንድ ገንዘብ የተያዘ ዕዳ የሚመለሰው በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው መጠን ነው፤ ዋጋው ስለወረደ ወይም ስለወጣ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም ብሎ ወስኗል። ከቀደምቶቹ የሐነፊያ መዝሀብ ሊቅ አቡ ዩሱፍ ከወርቅና ከብር ውጭ ባሉት የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ዋጋው ይታይ የሚል አስተያየት ነበራቸው፤ በዘመናችንም ይህን የሚያነሡ አሉ። አብዛኛው ግን በዓይነቱ ይላል። ታዲያ የኛ ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው አይደለም፤ ዕዳው በምን ገንዘብ ነበር ነው።

ወንድምየው ብሩን ባንክ ውስጥ ገዝቶ ብር አበድሮ ከሆነ ዕዳው 29 ሺህ ብር ነው፤ ዛሬ ምንም ባይገዛም። ፓውንድ አበድሮ ባንኩ እሷን ወክሎ መንዝሮላት ከሆነ ዕዳው 1,000 ፓውንድ ነው፤ ዛሬ ስንት ብር ቢያወጣም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ140 ሺህ ብር በላይ ነው። ያኔ በስልክ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትባል ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛዋ፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኗን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃለን፤ ወንድምና እህት ሲሆኑ ግን መጻፍ ያሳፍረናል። ጸሐፊ መጥራት ቀርቶ በሞባይል መልእክት እንኳ "ይህን ያህል፣ በዚህ ገንዘብ፣ እስከዚህ ጊዜ" መባባል እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል።

ለእህታችን የጠየቅናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም የተላከ መልእክት ካለ ፈልጊ አልናት። በአሮጌ ስልክ ውስጥ ተገኘ። የወንድሟ መልእክት እንዲህ ይላል፦ "1,000 ፓውንድ ልኬልሻለሁ፤ ሲሞላልሽ ትመልሽልኛለሽ።" ብር የሚል ቃል የለበትም። እህታችን መልእክቱን ያገኘችው ብቻዋን ነበር፤ ብታጠፋው የሚያውቅባት አልነበረም። ገልብጣ ለወንድሟ ላከችለት።

ሽማግሌ ሆነው የገቡት የጅዳው ወንድም ናቸው፤ በዕድሜ ታናሽ ቢሆኑም። የለንደኑ ወንድም መልእክቱን ሲያይ ግማሹን አውፍ አላት። ቀሪውን 500 ፓውንድ በየወሩ 25፣ 25 ፓውንድ እንድትከፍል ተስማሙ። እንዴት ትክፈል? በዚሁ አካዳሚ ሌላ ውሳኔ መሠረት ዕዳው በፓውንድ ቢሆንም በክፍያው ዕለት ሁለቱ ከተስማሙ በዚያን ዕለት ዋጋ በሌላ ገንዘብ መክፈል ይቻላል፤ ቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ግን አይቻልም። ስለዚህ ወሩ ሲደርስ ይደዋወላሉ፣ የዕለቱን ዋጋ ይጠያየቃሉ፣ ብሩን ለእናታቸው ታስረክባለች። ወንድሟም ለእናቱ ይልክ ከነበረው ላይ ያንን ይቀንሳል። የመጀመሪያውን በሙሐረም 1447 ከፍላለች፤ ባንክ ቤት ሰሌዳ ላይ ያየችውን የፓውንድ ዋጋ ከነቀኑ በደብተር ጽፋ፣ እናቷን አስፈርማ፣ የደብተሩን ፎቶ ለንደንም ጅዳም ልካለች።